ፊት የቆመው መኪና

ጎህ ሳይቀድ የመፍቻ ድምፅ ሰማሁ። የእኔንና የእነሱን ክፍል የሚለየው ግድግዳ ስስ ጣውላ ነው፤ እነሱ ሲያስነጥሱ «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ። ሾፌሩ ጎረቤቴ የእህቱን ተሽከርካሪ ወንበር ሊጠግን የተነሣ መስሎኝ «ተባረክ» አልኩ በሆዴ። ለካስ የሚፈታው ጎማውን ነው። እናቱ በሹክሹክታ «ትልቁን ፍታው፣ ትንሿን ብትፈታማ መላ አታጣም» ስትለው ሰማሁ። በመስኮት ብቅ ብል ልጁ የእህቱን ጎማ ልክ እንደ ቅያሪ ጎማ ትከሻው ላይ አንግቶ ይወጣል። ሚኒባሱ ግቢው በር ላይ ቆሟል። ጎማውን ከኋላ ወንበር ሥር ወርውሮ ሞተር አስነሣና ሄደ፤ እናቱም ደጃፍ ቆማ ሸኘችው። እኔ ካልሲ የምቸረችር ሴት ነኝ፣ ታክሲ ተራ ነው የምውለው፣ በዕድሜዬ ያላየሁት ዓይነት ሌባ የለም እል ነበር። የእህቱን እግር ይዞ የሚወጣ ግን ያን ቀን ገና አየሁ።

እህቱን ሰፈሩ ሁሉ «ዳኛዋ» ነው የሚላት። ከልጅነቷ ጀምሮ ከወገቧ በታች አይታዘዝላትም፤ ተቀምጣ ስለምትውል፣ ተቀምጣም በሰው ጉዳይ ሁሉ ስለምትፈርድ ስሙን ያወጡላት የግቢው ልጆች ናቸው። ዕድሜዋ ገና ሃያ ሦስት ነው፤ አፏ ግን የሽማግሌ ነው፣ ነገር አያመልጠውም። እንደሷ ያሉ ወጣቶችን ሰብስባ ማኅበር አቁማለች፤ ስብሰባቸውም ከእኔ ደጅ ስለሆነ እየሰማሁ ካልሲ አጣምዳለሁ። ማሳጅ ቤት የሚሠራ ዓይነ ስውር ልጅ አለ፤ ማን እንደመጣ በኮቴ ስለሚለይ ራዳር ይሉታል። መስማት የተሳናት ጸጉር ሠሪ አለች፤ በእጇ ስትሳደብ አፍ ያለውን ታስንቃለች። ሌሎችም አሉ። ክሊኒኩ ደረጃው አጠገብ መወጣጫ የሠራው በር ላይ ተቀምጠው አንነሣም ስላሉት ነው። ትምህርት ቤቱም እንዲሁ። ታክሲው ነው ያቃታቸው። ሾፌሮቹ ተሽከርካሪ ወንበር ያዩ እንደሆነ ወይ የሁለት ሰው ሒሳብ ይጠይቋቸዋል፣ ወይ እንዳላዩ ሆነው ያልፏቸዋል።

ከመሃላቸው አንዱ ፈጣኑ ይባል ነበር፤ በሁለት ክራንች ከእኔ ሁለት እግር ይፈጥን ነበር። የዛሬ ወር ገደማ ማለዳ፣ ተራ አስከባሪው እንኳ ሳይገባ፣ ከራዳር ጋር አንድ ሚኒባስ ሊሳፈሩ መጡ። ራዳር ገብቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ፈጣኑ አንዱን ክራንች አስገብቶ ሌላውን ሊያስከትል ሲል፣ ረዳቱ ሌላ መኪና እንዳይቀድመው ቸኩሎ በሩን ወረወረበትና «ሳበው» አለ። ሾፌሩም ሳበው። ክራንቹ በሩ ላይ ተቀርቅሮ፣ የልጁ ኮት ክራንቹ ላይ ተጠምዶ፣ አስፋልቱን አብሮ ተጎተተ። ራዳር ውስጥ ሆኖ ይጮኻል፤ ማን ሰምቶት። ኩርባው ጋ ሲደርሱ እሱንም ገፍትረው ጥለው ሄዱ። ፈጣኑ ሆስፒታል ሁለት ቀን ሰንብቶ ሞተ። ራዳር ቃሉን ሊሰጥ ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድ ተረኛው «ሰሌዳውን አይተሃል?» ብሎ ጠየቀው። ሲቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከልቡ ነው። የታክሲው ማኅበር ደግሞ ልጁ ሰክሮ ራሱ ወደቀ አለ። ማለዳ ሰክሮ በክራንች የሚሄድ ሰው እኔ አላውቅም፤ ግን የሞተ ሰው አይከራከርም።

የታክሲ ተራ ሕግ አንድ ነው፤ ፊት የቆመው ሳይወጣ የኋላው አይወጣም። ፊተኛውን የያዘ ተራውን በሙሉ ያዘ ማለት ነው። እነ ዳኛዋ ይህን አስበው የዚያን ቀን ጠዋት ከፊተኛው መኪና ፊት አስፋልቱ ላይ ሊቀመጡ ተማምለዋል። ፈጣኑን የጎተተው መኪና የማን እንደሆነ ሳይነገራቸው፣ ሾፌሮቹም ሰው ሳይቀመጥ አንነዳም ብለው ቃል ሳይገቡ ላይነሡ ነው። ዳኛዋ ከሌለች ደግሞ ግማሾቹ ከቤታቸው አይወጡም። ወንድሟ ጎማውን የፈታው ለዚህ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሾፌሮቹ «እህትህን አደብ አስገዛት» እያሉ ሲዘልፉት ሰምቼ ስለነበር ለእንጀራው ፈርቶ ነው ብዬ ነበር፤ ሞኝነቴ።

ሲነጋ ዳኛዋ ወንበሯን አይታ ጎማዬስ ስትል ሰማኋት። እናቷ ወንድምሽ ሊያስጠግነው ወሰደው አለች።  ቀጥሎ የሰማሁት ከባድ ነገር ከአልጋ ላይ ሲወድቅ ነው። ደጄን ከፍቼ ስወጣ ልጅቷ በክርኗ እየተሳበች ደፉ ላይ ደርሳለች፤ እናቷ ከኋላ ጸጉሯን በጭብጧ ይዛ ወደ ውስጥ ትጎትታለች። እናትየዋ ክፉ ሴት አይደለችም። ያዘለቻት፣ ያጠበቻት፣ ሌሊት ጎኗን ስታገላብጥላት የኖረችው እሷ ናት። ያን ጠዋት ግን በነጠላ ጫማ ጀርባዋን፣ አንገቷን፣ ያገኘችውን ትመታታለች። ልጅቷ ዞራ የእናቷን እጅ ነከሰች፤ እናትየዋ አልለቀቀችም፤ ደሟ በልጇ ጸጉር ላይ ይወርዳል። ሁለቱም ቃል አይናገሩም። ጩኸት ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

እኔ ቁጡ ነኝ፣ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ገባሁበት። እናትየዋን ከወገቧ ይዤ አላቀቅኳትና ልጅቷን ካልሲ የምገፋበት ጋሪ ላይ፣ ከጆንያው በላይ ጫንኳት። እናትየዋ እጀታውን ይዛ፣ አንቺ ልጅ የለሽ፣ የልጅ ነገር በምን ታውቂያለሽ አለችኝ። አንጀቴ ድረስ ገባ። ጋሪውን ገፋሁ። ከኋላችን «ወንድምሽ ላይ አትሂጂበት» እያለች ትከተለናለች። ወንድሟ ላይ ማን ሄደ ብዬ ገረመኝ። ዳኛዋ እስከ ታክሲ ተራው ከተናገረችው የማስታውሰው፣ ካልሲሽ ይቆረቁራል እትዬ፣ ሰው እግሩ ላይ እንዴት ያደርገዋል ያለችውን ብቻ ነው። ከንፈሯ ማበጥ ጀምሮ ነበር።

ልጆቹ ቀድመውን ደርሰዋል። ራዳር በትሩን አጥፎ ተቀምጧል፤ ጸጉር ሠሪዋ «ሳንቀመጥ አትንዱ» ብላ የጻፈችበትን ካርቶን ይዛለች። ዳኛዋን መሃላቸው አስፋልቱ ላይ ጆንያ አንጥፌ አስቀመጥኳትና አጠገቧ ቆምኩ። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። አንዱ ሾፌር ዳኛዋ ችሎቱን ጥላው ሥር አድርጊው ይላል፣ ሌላው ጠበቃ ነኝ ይላል። ሰዓቱ ሲገፋ ግን ተሳፋሪው ከፋ። ሥራ ሊቀርባቸው ነው፣ ልጅ ክሊኒክ ሊያደርሱ ነው፣ ሁሉም የየራሱ እውነት አለው፤ እውነቱን ግን የሚወረውረው መሬት ላይ ባሉት ላይ ነው። ቦርሳ ያንጠለጠለ አንድ ሰው ሊሻገር ብሎ የጸጉር ሠሪዋን ጣቶች ረግጦ አለፈ፤ እሪ ስትል ዞር ብሎም አላያት። እነዚያ ጣቶች እንጀራዋም አፏም ናቸው።

ተራ አስከባሪው የጎማ ቱቦ ይዞ መጣ። ሦስት ጊዜ ተነሡ አለ፣ በአራተኛው ራዳርን ትከሻው ላይ አሳረፈበት። ራዳር ዱላው ከየት እንደሚመጣ ስለማያይ፣ እጁን የሚያነሣው ካረፈበት በኋላ ነው። ይህን ሲያዩ ረዳቶቹ ደፈሩ። እየጎተቱ ዳር ይጥሏቸዋል፣ ልጆቹ እየዳሁ ተመልሰው ቦታቸውን ይይዛሉ፣ እንደገና ይጎትቷቸዋል። ሁለት ረዳቶች አንዱን ልጅ ከሰው ሠራሽ እግሩ ይዘው ሲስቡ እግሩ ተፈታና እጃቸው ላይ ቀረ። አንደኛው ደንግጦ ይጥለዋል ስል፣ በዚያው እግር የእግሩን ባለቤት ደረቱ ላይ መታው። የልጁ አጥንት ሲሰበር ሲሰማ ሳቁ ቆመ። እኔ ያን ረዳት በምን እንደመታሁት አላውቅም፤ በኋላ ሳየው የጋሪዬ እጀታ ተሰብሯል። ዳኛዋ ግን ከዚያ ሁሉ ግርግር መሃል በክርኗ ተስባ ከመኪናው ፊት ሳትጠፋ ቆየች፤ «ቦታ ያዙ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም።

ቱቦው እንዳልሠራለት ሲያይ ተራ አስከባሪው ራሱን አከከና ፈገግ አለ። ፊት የቆመውን መኪና ወደ ጎን አስወጣና የዳኛዋን ወንድም ጥሩልኝ አለ። የወንድሟን እንጀራ ትዘጋ እንደሆነ እናያለን ነው ነገሩ። ተንኮል ነው፣ ግን ብልጥ ተንኮል ነው፤ ሾፌሮቹ አጨበጨቡለት። ወንድሟ ከወር ወዲህ ተራ አይገባም ነበር፤ ከታች ኩርባው ላይ ነው ሲጭን የሚውለው፣ ረዳቱንም ቀይሯል። ሲጠሩት አልመጣም አለ። ተራ አስከባሪው ካልመጣህ ሁለተኛ እዚህ ተራ እንዳላይህ ብሎ ላከበት። ልጁ ለምን እንደማይመጣ ለማንም ሊናገር አይችልም። መጣ። እህቱን አላያትም፤ ራዳርን ነው የሚያየው።

አዲሱ ረዳት ተሳፋሪ ሊያስገባ በሩን ሳበ። በሩ ግማሽ ላይ ያዘው፤ ብረት በብረት ላይ ፈጨ፤ በሁለተኛው ስበት ሲከፈት ጓ አለ። ራዳር አንገቱን ቀና አደረገ። ከዚያ ተነሣና የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየዳበሰ በሩ ጋ ደረሰ፣ ገባ፣ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ረዳቱ ምን ፈለግህ ወንድሜ ይለዋል፤ ራዳር ግን የወንበሩን ጠርዝ በጣቱ ይፈልጋል። ከቆምኩበት ይታየኛል፣ ከተቀደደው ሸራ ሽቦ ብቅ ብሏል፤ እሱ ያን ሽቦ በጭኑ ያውቀዋል፤ የዚያን ዕለት ሲገፈትሩት ሥጋውን ቀዶለት ሰፍተውታል። ቀስ ብሎ ወረደ፣ መጥቶ ዳኛዋ አጠገብ ቁጢጥ አለና ጆሮዋ ሥር ተናገረ። ቅርባቸው ስለነበርኩ ሰማሁት።

«ይሄ ነው» አላት። «ፈጣኑን የገደለው መኪና ይሄ ነው። ሾፌሩ ማነው?»

ራዳር የማን መኪና እንደሆነ አያውቅም። ወንድሟ ጠዋት ወጥቶ ማታ ስለሚገባ በስብሰባው ጊዜ አንድም ቀን ተገናኝተው አያውቁም። ዳኛዋ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። እናቷ በጋሪው ኋላ ስትጮኸው የነበረው ነገር ያኔ ገባኝ፤ እሷም እንደገባት ከፊቷ አየሁ። እናቷ ታውቅ ነበር። ወር ሙሉ ከአንድ ትሪ ሲበሉ ሁለቱ ያውቁ ነበር። ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሰሌዳ አላየሁም ያለን ልጅ ማን ያምነዋል? ተሳስተሃል ብትለው ደግሞ ራዳር ከራሱ ጭን ይልቅ እሷን ያምናል፤ ልጆቹ ሁሉ የሚያምኗት እንደዚያ ነው። ዝም በይ፣ አልኳት በልቤ። እውነቴን ነው፤ ፈጣኑን እወደው ነበር፣ ግን ያን ቤት ይዞ ያለው ያ መሪ ነው፣ ኪራዩም መድኃኒቷም ከዚያ ነው። ዝም በይ ልጄ፣ አልኩ።

ወንድሟ ጭንቅላቱን በመስኮት አወጣ። በእናታችን ይዤሻለሁ ውጪልኝ፣ አላት። አልተንቀሳቀሰችም። ሞተሩን አስጓራና መኪናውን ትንሽ አስጠጋ፤ ልጆቹ ጮኹ። እንደገና አስጠጋ። የመኪናው አፍንጫ ደረቷን ነካ፤ በሁለት መዳፏ ገፋችው፤ ብረቱ ቢያቃጥላትም እጇን አላነሣችም። ሲገፋት ወደ ኋላ ተንጋለለች፣ ግማሽ አካሏ መኪናው ሥር ገባ። ያኔ ነው ፍሬን የያዘው። መሬት ላይ ተዘርግታ፣ ሰማይ እያየች፣ ታክሲ ተራው ሁሉ እየሰማ ተናገረች።

«ወንድም ጋሼ፣ አንዱን ጎትተሃል። እኔን ለመጨረስ ምን ያቅትሃል? ንዳው።» ቀጥላም አንገቷን ወደ ራዳር መለሰች። «ሾፌሩ ማነው አልከኝ። ወንድሜ ነው።»

ከመኪናው ሲወርድ ሰው አይመስልም ነበር። ራዳርን አፉ ላይ ረገጠው፤ ልጁ ጥርሱን በመዳፉ ይዞ ተንበረከከ። እህቱን ከመኪናው ሥር ስቦ አወጣና በሁለት እጁ አነሣት። እንደዚያ አንሥቶ ነው አንደኛ ደረጃን ያስጨረሳት፣ ዝናብም ጭቃም ቢሆን፤ ሰፈር ሁሉ ይመርቀው ነበር። ሊያስቀምጣት መስሎኝ ነበር። ከመኪናው ጎማ ጋር አላተማት። ግንባሯ ተከፈተ። «ለማን ብዬ ነው የቸኮልኩት?» ይላል እየደጋገመ። «ለማን ብዬ ነው ጎህ ሳይቀድ የምወጣው? ንገሪያቸዋ፣ ለማን ብዬ ነው?» እያለ ያለቅሳል፤ እጁን ደግሞ ለሌላ ዱላ አንሥቷል። እኔና ሁለት ሾፌሮች ተንጠላጠልንበት። ጸጉር ሠሪዋ በዚያ በተረገጠ እጇ ከኋላ ወንበር ሥር የዳኛዋን ጎማ አግኝታ አውጥታ፣ ለእያንዳንዱ ሾፌር ፊት ለፊት እያቆመች አሳየችው። ድምፅ የለም፤ ጎማ ብቻ። ተራ አስከባሪው ቱቦውን ከጀርባው ደበቀ።

ትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ ምስክር ማነው አለ። ራዳር ደም እየተፋ እጁን አነሣ። ፖሊሱ አየውና ሌላስ ሊል ሲል ዳኛዋ አቋረጠችው፤ የእሱን ቃል አስቀድመህ ጻፍ፣ ቀጥሎ የእኔን ትጽፋለህ፣ የሾፌሩ እህት ነኝ አለችው። ጻፈ። ወንድሟም አልካደም፤ ሲጠይቁት ራሱን ነቀነቀ፣ እጁን ሰጠ፣ እየደገፉት ሄደ። እናቷ በዚህ መሃል ደረሰች። የተነከሰ እጇን በሻሽ ጠቅልላዋለች። ልጇ በፖሊስ መኪና ሲወሰድ አየች፤ ከዚያ መሬት ወዳለችው ወደ ዳኛዋ መጣችና ከላይዋ ቆመች።

«ልጄን አሳሰርሽው» አለቻት።

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ፣ እማዬ?»

 እናትየዋ የልጇን ግንባር አየች፣ ደሙን አየች፣ እጇንም ወደዚያ ዘርግታ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ተወችው። ዞራ የፖሊሱ መኪና በሄደበት መንገድ በእግሯ ተያያዘችው። ዳኛዋ ጀርባዋን ተከትላ እያየች ሳትጮኽ አለቀሰች።  እኔም አለቀስኩ፤ ምን አደርጋለሁ።

ተራው የሚቀጥለው መኪና ነበር። ሾፌሩ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ጠዋት ጠበቃ ነኝ ብሎ ካሳቃቸው አንዱ እሱ ነው። መኪናውን አስጠግቶ ወረደና ከፊቷ ጎንበስ ብሎ «ላንሣሽ ወይ?» አላት። ሳይጠይቁ የሚያነሡትን ብዙ አይቻለሁ፤ ጠይቆ ያነሣትን ሰው ግን ከዚያ በፊት አላየሁም። እሺ አለችው። ከፊት ወንበር አስቀመጣት፣ ሻሼን ፈትቼ ግንባሯን አሰርኩላት፣ ራዳርንና ጸጉር ሠሪዋን ከኋላ አስገብቼ እኔም ገባሁ። ደረቱን የተመታውን ልጅ ሌሎቹ ከተራው ሦስተኛ በሆነው መኪና አሳፍረው ወደ ክሊኒክ ይዘውት ወጡ። ሰውዬው ሞተር አስነሥቶ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቆየ። ምን ትጠብቃለህ ልለው ስል ለካ ተቀምጫለሁ እስክትለው ነው። ተቀምጫለሁ አለችው፤ ወዴት ሲላት ወደ ፖሊስ ጣቢያ አለች።

እናቷን ከድልድዩ ማዶ ደረስንባት። በአንድ እግሯ ጫማ የለም፤ የት እንደጣለችው እንጃ። ሾፌሩ አጠገቧ አቁሞ እኔ በሩን ከፈትኩ፤ ግቢ እንጂ አልኳት። መኪናውን አየች፣ ፊት የተቀመጠችውን አየች፣ መንገዷን ቀጠለች። ሾፌሩ ጠጋ አለላት፤ አሁንም አልገባችም። ከኋላችን የተሰለፉት ጥሩምባቸውን ለቀቁት፣ አንዱ በመስኮት ወጥቶ ሰደበን። ሰውዬው ወደ ዳኛዋ ዞሮ፣ ፀሐዩ ከሯል፣ ቀድመን ደርሰን እዚያ ብንጠብቃትስ አላት።

«የለም» አለችው፣ ዓይኗን ከእናቷ ሳትነቅል። «በሩ ክፍት ይሁን፤ ቀስ እያልክ ንዳ። እስኪደክማት እንከተላታለን።»